ከመቶ አሥራ ዘጠኝ

አቶ ተክለብርሃን ከሲሚንቶው ገንዳ ሥር በጀርባቸው ተንጋልለው ነበር የተገኙት። ቅዳሜ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጎሮ የሚገኘውን ችግኝ ጣቢያ የሚጠብቀው አብዲሳ መብራት ሊያጠፋ ወደ ዘር ክፍሉ ሲገባ አያቸው። የራስ ቅላቸው ከኋላ በኩል በገንዳው ጠርዝ ተመትቷል። የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ባዶ ድስት ተጥዷል። ጠረጴዛው ላይ ዘር የተነከረበት ባልዲ አለ። በባልዲው እጀታ ላይ በታሰረች ነጭ የፕላስቲክ ቁራጭ «10:15» ተብሎ በጥቁር ማርከር ተጽፏል።

ኢንስፔክተር ብሩክታይት እሑድ ጠዋት ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ተጠርጣሪም ተይዟል። መዝገቡን እስከ ማክሰኞ እንድትዘጋ የሚያዘው የኮማንደሩ መልእክትም ስልኳ ላይ ገብቷል። የቢሮው መኪና ነዳጅ ስላልነበረው ከላምበረት ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ የተቆፈረውን የጎሮ መንገድ በእግሯ አቋርጣ ነበር የመጣችው። በምርመራ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታለች። ከመድረሷ በፊት ያለቀ መዝገብ ሲሰጣት ይህ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ካቆመች ቆይታለች።

ጣቢያው የሚያዘጋጀው ችግኝ ለከተማው አልነበረም። ወሎ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ወጥቶበት የተራቆተ የተራራ ጎን አለ። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ያንን መሬት ቶሎ በሚያድጉ ዛፎች አልብሶ ለቀድሞ ባለይዞታዎቹ፣ ለአርባ አንድ አባወራዎች፣ ሊመልስ ውል ገብቷል። የውሉ ቃል አጭር ነው። ለናሙና ምልክት ከተደረገባቸው መቶ ዛፎች መካከል ከሦስተኛው ክረምት በኋላ ስልሳው ጸድቀው ከተገኙ መሬቱ ይመለሳል። ካልሆነ ተከላው እንደገና ይጀመራል፤ ሦስቱ ዓመታትም ከዜሮ ይቆጠራሉ። የርክክብ ኮሚቴው ረቡዕ ቦሌ ባለው ዋና ቢሮ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ይዟል። የመጨረሻውን ቆጠራ አካሂደው የተመለሱት የደን ባለሙያው አቶ ተክለብርሃን ነበሩ። የቆጠራው ወረቀት ግን ቦርሳቸው ውስጥ የለም።

አብዲሳ የሚያውቀውን ሁሉ ቅዳሜ ማታ ተናግሮ ስለነበር እንደገና ሲጠየቅ ተሰላችቷል። ሠራተኞቹ እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ወጡ። ጋሼ ተክሌ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ በኋላ በዋናው በር የገባው ሾፌሩ ጣሃ ብቻ ነው፤ አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ገብቶ አሥር ተኩል ላይ ወጣ። ከግቢው ጀርባ ፍግ የሚገባበት ትንሽ በር አለ፤ ቁልፉ በሦስት ሰዎች እጅ ነው፦ በሟቹ፣ በጣቢያው ኃላፊ በወይዘሮ ዘርፌና በድርጅቱ አስተባባሪ በአቶ ወንድወሰን።

የጣቢያው ሥርዓት ዘር የሚነክር ሰው ውሃውን ያፈሰሰበትን ሰዓት በባልዲው ላይ እንዲጽፍ ያዛል። ስለዚህ ፖሊስ በቀላሉ ደመረው፦ አሥር ከሩብ ላይ ሟቹ በሕይወት ነበሩ፣ ዘር ነክረዋል፣ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የነበረው ጣሃ ነው። ዓርብ ዕለት ጣሃ ሟቹን ሲሰድባቸው ደግሞ ጣቢያው ሁሉ ሰምቷል።

ብሩክታይት ባልዲው ውስጥ አየች። ቀጫጭን፣ ቡናማ፣ ዙሪያቸውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክንፍ ያላቸው ዘሮች ከላይ ተንሳፍፈዋል። ምን እንደሆኑ አላወቀችም። ፎቶ አነሳቻቸውና ክፍሉ እንዳለ እንዲቆይ አዝዛ ወጣች።

ጣሃ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው። የአባቱ የአብዱራሕማን መሬት ከአርባ አንዱ አንዱ ነው። ከማረፊያ ቤት ሲያመጡት መጀመሪያ የጠየቀው አባቱ መስማት አለመስማታቸውን ነበር።

«ለረቡዕ ስብሰባ ነገ ላምበረት ይገባሉ። ማን ሊቀበላቸው ነው?»

«እሱን አስብበታለሁ። ዓርብ ምን አልካቸው?»

«ሁሉም ሰምቷል እኮ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

እጆቹን አየ። «ስልሳ ብለው ይጻፉ አልኳቸው። ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉ ሰደብኳቸው።»

«እውነተኛው ቁጥር ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ። ከመቶው አሥራ ዘጠኝ። ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለው መለሱልህ?»

«አባትህ የሚረከቡት ጥቁር ድንጋይ ነው አሉኝ። አፈሩ ገና ኮምጣጣ ነው፣ ምንም አያበቅልም፣ ድርጅቱ አንዴ ፈርሞ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አያክመውም አሉ። እኔም አባቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ድንጋዩንም ቢሆን በሕይወት ሳሉ ይረከቡት አልኩ።»

ቅዳሜ የሄደው እሑድ ንጋት ላይ ወደ ወሎ የሚወስደውን ችግኝ ለመጫን ነበር። የዘር ክፍሉን በር አንኳኳ፣ ክላክስ ነፋ፣ መልስ ሲያጣ ሄደ። በሩን ለምን ገፍቶ እንዳልገባ ስትጠይቀው ትንሽ አፈረ።

«ተኳርፈን ነበር» አለ። «ቢከፍቱልኝ ምን እላለሁ?»

አቶ ወንድወሰን ለረቡዕ እየተዘጋጀ ስለነበር እሑድም ቦሌ ቢሮው ውስጥ ነበር። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀልጣፋና ትሑት ሰው። ብሩክታይትን ራሱ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት። ማኪያቶ አዝዞላት የራሱን በቀኝ እጁ ብቻ እያማሰለ ጠጣ፤ ግራ እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

ስለ ሟቹ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ሐዘኑ የማስመሰል አልነበረም። ሥራውን አብረው እንደጀመሩ፣ የመጀመሪያዋን ችግኝ እዚያ ጥቁር ተራራ ላይ ጎን ለጎን ቆመው እንደተከሉ ነገራት። ስለ ቆጠራው ስትጠይቀው ውጤቱ ገና እንዳልደረሰው፣ ግን ሰባ ገደማ እንደሚሆን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሪፖርቶችም ያው እንደነበር ገለጸ። በሥራው ይኮራል። የችግኝ አፈላል መመሪያ የምትባል አረንጓዴ ሽፋን ያላት ቀጭን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጣት። የሌሎች ማዕድን ማውጫዎች ሰዎችም እየወሰዷት ነው አላት።

«ቅዳሜስ የት ነበሩ?»

«እስከ ስምንት ተኩል ቤቴ፣ ሰሚት። ባለቤቴና ልጆቹ ክፍለ ሀገር ናቸው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት እዚሁ ቦሌ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሥራችን ሳስረዳ ነበር። ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል።»

«እጅዎትስ?»

«ቅዳሜ ማታ ነው። ዜናውን ሰምቼ ቤት ስገባ ሻይ ልቀዳ ብዬ እጄ ላይ አፈሰስኩት። ልብም አልነበረኝም።» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «በጣሃ አልፈርድበትም። መሬት ነው፣ ሰው ያሳብዳል። ጋሼ ተክሌ ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሥራቸው ላይ ነበሩ። ያ ነው የሚያጽናናኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የድርጅቱን መረጃና ካርታ የምትይዘውን ሳምራዊትን አገኘቻት። ሳምራዊት ቅዳሜ ሙሉ ቀን ልብስ ስታጥብ ነበር፤ ያያት ሰው የለም። ስለ ቆጠራው የማውቀው የለም አለች። ብሩክታይት ማስታወሻዋን አልዘጋችም። የታችኛው ጎረቤት ምንጣፍ እያራገፈ ነበር፤ ድብደባው ግድግዳው ውስጥ ይሰማል።

«ፎቶ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ የቢሮውን ኮምፒውተር ስለማያምኑት የቆጠራ ወረቀታቸውን ሁሌም በስልክ ይልኩልኛል። ይሄንንም ዓርብ ልከዋል። አቶ ወንድወሰን እስከ ረቡዕ ለማንም እንዳላሳይ ነገሩኝ።»

«መቼ?»

«ዓርብ ማታ። ውጤቱን ሰምተው ደወሉ።»

ወንድወሰን ውጤቱ አልደረሰኝም ብሎ ነበር። ብሩክታይት ይህን በማስታወሻዋ ላይ አሰፈረች። «ለምን ለፖሊስ አልነገርሽም?»

«አልጠየቁኝማ። የት ነበርሽ ብቻ ነው ያሉኝ።»

ምሽት ላይ ኮማንደሩ ደወለ። መርማሪን የሚዋሽ ሰው ሁሉ ገዳይ እንዳልሆነ፣ ሁለት መቶ ምስክር ያለውን ሰው ማሰር እንደማይቻል፣ የጣሃ መዝገብ ግን ለዐቃቤ ሕግ ተዘጋጅቶ እንዳለ በረጅሙ አስረዳት። ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። የወንድወሰንን ስልክ ቅዳሜ የት እንደነበር ለማጣራት ደብዳቤ እንዲጻፍላት ስትጠይቅ ሦስት ፊርማ እንደሚያስፈልግ፣ አንደኛው ፈራሚ ደግሞ ፈቃድ ላይ እንደሆነ ተነገራት።

ሰኞ ጠዋት ጎሮ ተመለሰች። ሴቶቹ ሠራተኞች የችግኝ ፕላስቲኮች ውስጥ አፈር እየሞሉ ነበር፤ ሲያይዋት ወሬያቸውን አቆሙ። ወይዘሮ ዘርፌ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ጥቁር ለብሰዋል። ዘር ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ገንዳውን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። ዓይናቸው ባልዲው ላይ ዐረፈ፤ አንዷን ዘር አውጥተው በጣታቸው ሲጫኗት ፈረጠች።

«ይሄን የቀቀለው ማነው?»

«አቶ ተክለብርሃን ናቸው ተብሏል።»

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ።

«ጋሼ ተክሌ? ግራቪሊያን በፈላ ውሃ? ልጃቸውን በፈላ ውሃ አጠቡ ብትይኝ ይቀለኛል።»

ከመደርደሪያው ሁለት ከረጢት አወረዱና መዳፋቸው ላይ ዘገኑላት። አንዱ ትንንሽ፣ ጥቁርና ጠጣር ዘር ነው፤ ዲከረንስ ይባላል። ልጣጩ ድንጋይ ስለሆነ የፈላ ውሃ ካልፈሰሰበት ዓመት ቢቀበር አይበቅልም። ሌላው ባልዲው ውስጥ ያለው ባለ ክንፉ ግራቪሊያ ነው። እሱ የፈላ ውሃ ከነካው ይበስላል፤ አለቀ።

«ደግሞስ ቅዳሜ ዘር የሚነክር ማን አለ? ባደረ በማግስቱ መዘራት አለበት። እሑድ ማን ሊዘራው ነው? እኛ በነካነው ዘር እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ አያውቅም።»

«ለፖሊሶቹ ነግረዋቸዋል?»

«መች ጠየቁኝ? ቅዳሜ የት ነበርሽ አሉኝ፤ ላምበረት፣ ከደሴ የምትመጣ እህቴን ስጠብቅ አልኩ። አውቶቡሷ መንገድ ላይ ተበላሽታ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ቆምኩ። የእህቴን ልጅና የሻይ ቤቷን ሴት ጠየቁ፤ ጽፈው ሄዱ።»

ከበሩ ውጭ ከሴቶቹ አንዷ «ገጽ አሥራ አራት ነዋ!» አለች፤ ሌሎቹም ሐዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው ተንከተከቱ። ዘርፌ ተቆጧቸው። ብሩክታይት ግን አረንጓዴዋን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም የዛፍ ዘር ከመዘራቱ በፊት የፈላ ውሃ ፈስሶበት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነክሮ ይቆያል።»

«አንድ ሰሞን እሱን አምና አንድ ከረጢት ዘር የፈጀች ነበረች» አሉ ዘርፌ። «ጋሼ ይታረም ብለው ሁለት ጊዜ ለቢሮ ጻፉ። እንደገና ሲታተም ያው መጣ። ተዉት፣ ለሚያነበው ነው የሚጽፉት አልናቸው።»

«ያ ምድጃ ድስቱን ለማፍላት ስንት ይፈጅበታል?»

«ግማሽ ሰዓት ቢያንስ። አርጅቷል፤ ይለወጥ ብለን ጽፈናል።»

ብሩክታይት ወደ ፖሊስ ጣቢያዋ ስትመለስ መግቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘች። ሽርጥ አገልድመዋል፤ ከጎናቸው የጨርቅ ከረጢት አለ። የጣሃ አባት አብዱራሕማን ነበሩ። ከላምበረት አንድ የአገራቸው ነጋዴ አምጥቷቸዋል። ልጃቸውን እንዲያዩ ፈቀደችላቸውና ቢሮዋ ገብታ የቅዳሜውን የአዳራሽ ዝግጅት ፎቶዎች ስልኳ ላይ ከፈተች። ድርጅቱ ለማስታወቂያ አርባ ያህል ለጥፏል። አንደኛውን አስፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ደወለች፣ ቀጥሎም ወደ ሳምራዊት፤ ለሁለቱም አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ዘር ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮማንደሩ እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆመ። ጣሃ በካቴና ነው የመጣው። ዘርፌ፣ ሳምራዊትና አብዲሳ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ወንድወሰን ብቻ ወንበር ተሰጥቶታል። ጠረጴዛው ላይ ባለ ክንፍ ዘር የያዘ ሳህን አለ።

«የምጠይቀው ነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል» አለች ብሩክታይት። «ይህን ግራቪሊያ ነገ ልንዘራው ነው። ዛሬ ምን እናደርገዋለን?»

አብዲሳ እኔ የምጠብቀው በር ነው ብሎ ራሱን አወጣ። ሳምራዊት ፊቷ ቀላ። «ቀዝቃዛ ውሃ። በፈላ ውሃ አንድ ከረጢት የፈጀሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይስቁብኛል።» ጣሃ ደግሞ ሦስት ዓመት ከጋሼ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሳላውቅ ልቀር ነው ወይ አለ። «ቀዝቃዛ። እሱም ካልቸኮልክ አያስፈልገውም ይሉ ነበር።»

ወንድወሰን ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ። ሌሎቹ ለምን እንደሚሳሳቱ ያልገባው ሰው ይመስል ነበር።

«በፈላ ውሃ ነው» አለ። «መመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ።»

ማንም አልሳቀም። ዘርፌ መሬት መሬቱን አዩ።

«መመሪያውን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ሳምራዊት ሰንጠረዦቹን ሠራች፤ ጽሑፉ ግን የእርስዎ ነው» አለች ብሩክታይት። ከዚያ ወደ ኮማንደሩ ዞረች። «ከባልዲው ልጀምር። ፖሊስ ሟቹ አሥር ከሩብ ላይ በሕይወት ነበሩ ያለው ሰዓቱን እሳቸው ጻፉት ብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ዘር የዘሩ ሰው ግን ግራቪሊያ ላይ የፈላ ውሃ አያፈሱም፤ ቅዳሜ ቀንም አይነክሩም። ስለዚህ ባልዲውን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው፣ ሰዓቱንም የጻፈው ያው ሰው ነው።»

«ጣሃ ሊሆን ይችላላ» አለ ኮማንደሩ።

«የሐሰት ሰዓት የሚጽፍ ሰው ራሱ እዚያ ያልነበረበትን ሰዓት ይመርጣል። ጣሃ አሥር ከሩብ ላይ ግቢው ውስጥ ነበር። ለማምለጥ ብሎ የራሱን መግቢያ ሰዓት የሚጽፍ ሰው አላየሁም። አብዲሳም ያን ሰዓት እዚሁ በሩ ላይ ነበር። ሳምራዊት ለአሥር ከሩብ ምስክር የላትም፤ ሰዓት ብትፈጥር ምስክር ያላትን ትፈጥር ነበር፤ ደግሞም ዘሩን ታውቀዋለች። ለአሥር ከሩብ ጠንካራ ምስክር ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የፍግ በሩ ቁልፍም ያላቸው እነሱው። ወይዘሮ ዘርፌ ከሰባት ሰዓት ጀምረው ላምበረት ነበሩ፤ እሳቸው ያንን ዘር ሲቀቅሉ ማሰብም አይቻልም። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ወንድወሰን በፈገግታ ሊመልስ ሞከረ። አንድ የማያውቀው ሌባ በጓሮ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል፣ እሱ ቅዳሜ ከሰዓት ጎሮ አካባቢ እንዳልደረሰ ተናገረ።

«እጅዎት ቅዳሜ ማታ ነው የተቃጠለው ብለውኛል» አለችው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፎቶው ላይ ወንድወሰን መድረክ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ያለው የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ይላል፤ ግራ እጁ በመሐረብ ተጠቅልሏል። «እዚህ ቀድሞ ተቃጥሏል። ውጤቱ አልደረሰኝም ብለውኝም ነበር፤ ዓርብ ማታ ሳምራዊትን ዝም አሰኝተዋታል።»

ወንድወሰን ፎቶውን አላየም። የሚያየው ሳህኑ ውስጥ ያሉትን ዘሮች ነበር።

«አራት ቀን እንዲታገሡኝ ነበር የለመንኳቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ከረቡዕ በኋላ ራሴ አስተካክለው ነበር። ሁለት ዓመት ሰባ እያልኩ የፈረምኩት ጠባቂዎቹ በስልክ የነገሩኝን ነው። አንድ ቀን ሄጄ አልቆጠርኩም። ያን ቀን ደግሞ ሁለት መቶ ሰው ፊት ተሳክቶልናል ልል ነበር። ወረቀቱን ልቀማቸው ስል ገፋኋቸው። ልገድላቸው አልፈለግሁም።»

«አምንዎታለሁ» አለች ብሩክታይት። «ግፊያው አደጋ ነበር እላለሁ፤ በመዝገቡም ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ። ችግሬ ድስቱ ነው። ሐኪሙ ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት እንደቆዩ ነገረኝ። ምድጃው ይህን ውሃ ለማፍላት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እሳቸው እዚህ ወድቀው ሲተነፍሱ እርስዎ እዚያ ቆመው ውሃው እስኪፈላ ጠበቁ።»

ሳምራዊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ወንድወሰን የቆጠራው ወረቀት የት እንዳለ ሲጠየቅ አቃጥዬዋለሁ አለ። ኮማንደሩ የጣሃን ካቴና ራሱ ፈታ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ረቡዕ ጠዋት ብሩክታይት ቢሮዋ ስትገባ ጣሃ፣ አባቱና ሳምራዊት እየጠበቋት አገኘች። የርክክብ ኮሚቴው ጸሐፊ ለሳምራዊት ደብዳቤ ልኮላታል። የሟቹ ቆጠራ የስልክ ፎቶ ብቻ ስለሆነና በቆጠራው ላይ አብሮ የነበረ ሰው ፊርማ ስለሌለበት ኮሚቴው ሊቀበለው አይችልም። እስከ ስድስት ሰዓት የተፈረመ ካልመጣ ርክክቡ በእጅ ባለው ማኅተም ባለው ሪፖርት መሠረት ይፈጸማል። ማኅተም ያለው ሪፖርት የወንድወሰን ሰባ ነው።

ብሩክታይት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ከዚህ ክፍል ሁለት በር አልፎ ታስሯል። ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ደወለች፤ ማኅተሙ ሕጋዊ እንደሆነ፣ የወንድወሰን መታሰር ሌላ ጉዳይ እንደሆነ በትሕትና ተነገራት።

«ስለዚህ እኔ ካልፈረምኩ አባቴ ዛሬ መሬቱን ያገኛሉ» አለ ጣሃ። ፎቶው የታተመበት ወረቀት ፊቱ አለ። «ከፈረምኩ ሦስት ዓመት።»

«አዎ።»

«ምን ይመክሩኛል?»

«ስለ መሬት መምከር አልችልም። የእኔ ሥራ ማን እንደገደላቸው ማወቅ ነበር።» ይህን ስትል ድካሟን ሁሉም ሰማው።

ጣሃ እስክሪብቶውን ያዘ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከጋሼ ጋር ያደረገውን የዓርቡን ጠብ ያስብ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

«ወረቀቱ ስንት ይላል?» አሉ አባቱ።

«አሥራ ዘጠኝ፣ አባቴ።»

«ልክ አይደለም።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«አሥራ ሰባት ናቸው። ከላይ በኩል ያሉት ሁለቱ ሰውዬው ከሄዱ ወዲህ ደርቀዋል። ሱብሒ ሰግጄ በየጠዋቱ እቆጥራቸዋለሁ። መጀመሪያው ዓመት ሰማንያ ነበሩ፤ አምና ይሄን ጊዜ ሠላሳ አራት።»

ሳምራዊት ሦስት ዓመት ስታቀናብረው ከነበረው ሰንጠረዥ የጎደለው ይህ ብቻ ነበር።

«ለምን አልተናገሩም?» አለች ብሩክታይት።

«ለማን? መኪናው ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ስንት ቆመዋል ብሎ የጠየቀኝ የለም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምንም የማይበቅልበትን መሬት ተረክቤ ምን ላደርገው ነው? ለአንተ ላወርሰው? ፈርም። እኔም ጣቴን አኖራለሁ።»

ጣሃ ከሟቹ ቁጥር ሥር የአባቱን ቁጥር ጻፈ፤ ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወረደ። ብሩክታይት የቀለም መርገጫውን ከመሳቢያዋ አውጥታ ከፈተችላቸው። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በጥንቃቄ ነክረው ከልጃቸው ስም ጎን አሳረፉ፤ ጥርት ብሎ እስኪያትም ድረስ ጫን ብለው ቆዩ። ሳምራዊት ወረቀቱን ይዛ ወደ ቦሌ ሮጠች፤ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

አብዱራሕማን የጠቆረ ጣታቸውን ወደ ላይ ይዘው የሚጠርጉበት ቁራጭ ወረቀት ጠየቁ። ብሩክታይት ጠረጴዛዋን ፈለገች፣ መሳቢያዎቹን ፈለገች፣ የመደርደሪያዎቹን ዶሴዎች ገለጠች። ያልተጻፈበት አንድም አልነበረም።